የጠፋው ኤሞሪ

ከአሜሪካዋ የአይዋ ግዛት የመጡ ተማሪዎች የአውሮፓ ፓርላማን ሊጎበኙ ብራሰልስ በገቡ በማግስቱ፣ ኤሞሪ ኮሪንን ደረጃው ላይ አስቆማት።

«እዚሁ የአንድ ዓመት የሥራ ልምምድ አገኘሁ» አላት።

«ጥሩ ነው» ብላው ሄደች። እንባዋ ሲያመልጣት እንዳያያት እየፈጠነች መታጠቢያ ቤት ገባች። ሁለት ዓመት ጓደኛው ብቻ ሆና የኖረች ልጅ፣ ምን ብላ ቅር አለኝ ትበለው?

ፊቷን ታጥባ ስትወጣ የማስጠንቀቂያ ደወል ጮኸ። ጠባቂዎች ሰዉን እየገፉ ወደ ውጭ አወጡት። አደባባዩ ላይ ዝናብ ያካፋል። ፕሮፌሰር ሃልዴን ተማሪዎቻቸውን በስም ይጠሩ ጀመር።

«ኤሞሪ?»

የመለሰ የለም።

«ያ ዝንጉ! አንድ ቀን ጭንቅላቱን ረስቶ ይወጣል» አለች አንዷ ተማሪ ብሪጅት። ውሻ የያዙ ፖሊሶች እየሮጡ ወደ ሕንፃው ገቡ።

አንድ ፖሊስ ስልኩን ከፍ አድርጎ ፎቶ አሳያቸው። «ኮሪደር ላይ ተጥሎ የተገኘ ቦርሳ ነው፤ ፈንጂ እንዳይሆን ሰግተናል። የሚያውቀው አለ?»

አረንጓዴ ቦርሳ ነው፤ ኪሱ ላይ የበቆሎ ሥዕል ተለጥፎበታል። ኮሪን ወዲያው አወቀችው። የእሱ ነው ብትል ያስሩታል። ዝም ብትል ደግሞ፣ እዚያ ውስጥ ሲሸሸግ አግኝተው ቢተኩሱበትስ?

«የኤሞሪ ነው» አለች ድምጿ እየተቆራረጠ። «ከእኛ ጋር የመጣ ልጅ ነው። እባክዎ፣ ውስጥ ነው ያለው፤ እንዳይጎዱት።»

«እርስዎ ምኑ ነዎት?»

«እወደዋለሁ። እሱ ግን አያውቅም።»

ፖሊሱ ትንሽ አያት። «ይሄ ለእኔ አይጠቅመኝም፣ እመቤቴ። ቦርሳው ውስጥ ምን አለ?»

«ሹራብና ሳንድዊች። ሳንድዊቹን ጠዋት እኔ ነኝ የሠራሁለት።»

ፖሊሱ በሬዲዮው እያወራ ሄደ። መጠበቁ ከደወሉ ይልቅ አስፈራት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቃሬዛ የሚወጣ ይመስላትና ዓይኗን ትጨፍን ነበር።

ኋላ ኤሞሪ በሁለት ፖሊሶች መካከል ሆኖ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የት ገብተህ ነው?» አለችው ኮሪን።

«አንቺን ፍለጋ ነዋ። እንባሽን አየሁት። ቦርሳውን ጥዬ ተከተልኩሽና አጣሁሽ። በየፎቁ ስዞር ደወሉ ጮኸ፤ ከዚያ ፖሊሶች መሬት ላይ አስተኙኝ።»

እጁን ያዘችው።

«እወድሃለሁ» አለችው። «ለፖሊሱም ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«ቦርሳው ውስጥ ምን አለ አለኝ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ወደ ለቅሶ ተለወጠ። «ልምምዱን ልተወው?» አላት።

«አዎ» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። «አትተወው። ፈርቻለሁ፣ ግን አትተወው» አለችው።

ኮሪን ብቻዋን ወደ አይዋ ተመለሰች። ዓመቱን ሙሉ ስልኳ በጠራ ቁጥር ልቧ ይደነግጥ ነበር፤ አንድ ቀን ሌላ ሰው አገኘሁ የሚላት ይመስላታል። በሰኔ ልትቀበለው ሄዳ ከአውሮፕላን ማረፊያው ተመልሳ ለመሄድ ቃጣት።

ከስቶ፣ ጢም አሳድጎ ብቅ አለ። ፊት ለፊቷ ቆሞ ሰላም እንኳን ሳይላት ዝም አለ።

«ምነው?» አለችው በፍርሃት።

«መንገዱን ሙሉ ሳጠና የመጣሁትን ንግግር ረሳሁት» አላት። «ታገቢኛለሽ?»