ታች ሰው የለም

ከረፋዱ አራት ሰዓት። የሰባቱም መለኪያዎች መርፌ አረንጓዴው ላይ ቆሟል። ከገበያው ሥር፣ ከመሬት በታች ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ሰፈሩን ሁሉ የሚመግበው ኤሌክትሪክ በብረት ቱቦዎች ታሽጎ ያልፋል። ብልጭታ እንዳይነሳ የሚያፍነው ቱቦው ውስጥ የታመቀው ጋዝ ነው። ሽታ የለውም። ቀለም የለውም። ከአየር ይከብዳል፤ የሳበውን ሰው ድምፅ ያወፍራል።

ቴክኒሻኑ ጆሮው ውስጥ የደበቃትን ማዳመጫ ነካ አደረገ። ዓመት ሙሉ እዚህ ጋዝ ሲሞላ የኖረው ለዚህች ጠዋት ነበር። ጋዙ ሲያንስ መስመሩ ራሱን ይቆርጣል። ያኔ ማዶ ባለው እስር ቤት፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ የበሮቹ ቁልፎች ይለቃሉ። በምስጢር ስሟ «ንብ» የምትባለው የታሰረች ጓዳቸው ትወጣለች። ካልወጣች ዛሬ ማታ ይገድሏታል።

«ታች ጉድጓዱስ?» አለ።

«ሰው የለም» አለው በማዳመጫው የስውር ቡድኑ አለቃ፣ በምስጢር ስሙ «አናጢው»። «ክፈተው።»

የጋዙን ቫልቭ ከፈተ። ጋዙ እያፏጨ በኬብሉ ቀዳዳ ወደ ታችኛው ጉድጓድ ወረደ።

ከሥሩ ሳል ተሰማ።

ቀጥሎ ድምፅ። ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ፣ የማያውቀው ሰው ድምፅ። አነጋገሩ ግን የፎርማኑ ነበር።

«ልጄ፣ ስማኝማ፣ በስተርጅና ጎረመስኩ እኮ።» ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። «ጋዝ ነው። ዝጋው።»

ሥራውን ያስተማረው፣ ምሳውን የሚያካፍለው፣ መቼ ነው የምንድርህ እያለ የሚያሾፍበት ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ይነሱ። መሰላሉን ይያዙ።»

ማዳመጫውን ተጫነ።

«አናጢው፣ ታች ሰው አለ።»

«አውቃለሁ። ከቁጥጥር ክፍል ነኝ ብዬ ደውዬ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ማን እንደሆንክ ደርሶበታል።»

«ደርሶበት ቢሆን እስካሁን ታስሬ ነበር።»

«ስለሚወድህ ዝም አለ። ነገን ግን ማን ያውቃል?»

እጁ ቫልቩ ላይ ነበር። ግማሽ ዙር ቢያዞረው ይዘጋል። ንብም እዚያው ትቀራለች።

አላዞረውም።

መርፌው ቀዩን ነካ። መስመሩ ተቆረጠ። መብራት ጠፋ።

ያኔ ቫልቩን ዘጋ፤ የአየር ጭምብሉን አጥልቆ፣ ባትሪ ይዞ ወረደ። ፎርማኑ ኬብሉ ሥር እንደተንበረከከ በግንባሩ ተደፍቷል። ጎትቶ አወጣው። ደረቱን ደጋግሞ ተጫነ። አልተነፈሰም።

«ንብ ወጥታለች» አለ አናጢው።

ቴክኒሻኑ ማዳመጫውን አውልቆ ረገጠው።

አሁን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም ሊፍት ይጠግናል። ስልክ ላይ ወፍራም ድምፅ ሲሰማ ሳይመልስ ይዘጋል።

የምርመራውን ውጤት ያነበበው ከጋዜጣ ነው። በጉድጓዱ ወለል ላይ ኦክስጅኑ ሰው በደቂቃዎች የሚሞትበት ስድስት በመቶ ነበር። ከመሰላሉ አራተኛ እርከን በላይ አየሩ ጤናማ ነበር።