ሽንኩርት የማይገባበት ቤት

አሰልጣኙ ሻለቃ በሥልጠናው መጨረሻ ቀን ለሁለቱ ሰላዮች የሰጧቸው ምክር አጭር ነበር። «ስምንት ዓመት አብሮ የኖረ ባልና ሚስት ዓይን ለዓይን አይተያይም። ከተዋደዳችሁ አለቀላችሁ፤ ጎረቤት ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እሱን ነው» አሏቸው።

ልብስ አጣቢ መስላ የምትሄደው ሴት፣ አጣቢዋ፣ ምክሩ ለእሷ የሚያስፈልግ አልመሰላትም። ከጎኗ የቆመውን ሰው ካወቀችው ገና ግማሽ ቀን እንኳ አልሞላትም። ባሏ መስሎ ጠላት ወደያዘው ከተማ አብሯት እንዲገባ የተመደበው ሌላ ሰው ነበር። የዚያን ሰው ጠባይ፣ የሚተኛበትን ጎን፣ የሚወደውንና የሚጠላውን ሁሉ እንደ ትምህርት አጥንታ ጨርሳለች። ሊነሱ ሲሉ ሰውየው ከደረጃ ላይ ወድቆ እግሩን ሰበረና በምትኩ ይኼኛው ተላከ። ረጅም ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ከጦርነቱ በፊት የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር።

«እንግዲህ ባልሽ እኔ ነኝ» አላት እያፈረ።

«ይሁና» አለችው። ትውውቃቸው ይኸው ነው።

ስህተቱ የተሠራው ከተማዋ በገቡበት በመጀመሪያው ቀን ነው። ቤቱን ያከራዩአቸው ባልቴት፣ ግቢው ሁሉ እትዬ የሚላቸው፣ ለእንግዳ አቀባበል ብለው ትኩስ ሾርባ ይዘውላቸው መጡ። አጣቢዋ ገና ክዳኑ ሲነሳ፣ «ውይ እትዬ! ባሌ እኮ ሽንኩርት በአፉ አይዞርም!» አለች። ያጠናችው የዚያኛውን ነበር። ቃሉ ካመለጣት በኋላ ቀና ስትል ባልየው ማንኪያውን ጨብጦ ሾርባውን በጉጉት እያየ ነው። እሷን አየ፣ ሾርባውን አየ፣ ማንኪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«እውነቷን ነው፣ አይስማማኝም» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽንኩርት ቤታቸው አልገባም። ድስት በተጣደ ቁጥር ሽታው ጎረቤት በሚደርስበት ግቢ ተደብቆ መብላት አይታሰብም። ባልየው ባዶ የድንች ሾርባውን እየጠጣ አንድ ቀን እንኳ አላጉረመረመም።

ሥራቸው ልብስ ማጠብ ነበር። ወደ መንገዱ የሚከፈተውን ክፍል ላውንደሪ አድርገው የወራሪውን ጦር መኮንኖች ልብስ ያጥባሉ፣ በከሰል ካውያ ይተኩሳሉ። የደንብ ልብስ ደግሞ ብዙ ነገር ያወራል። የትከሻው ምልክት የትኛው የጦር ክፍል እንደገባ፣ ሱሪው ጫፍ ላይ የደረቀው ጭቃ በየት በኩል እንደመጣ ይናገራል። ከሁሉም በላይ፣ መኮንኖቹ ያልደረቀ ልብሳቸውን በጥድፊያ መውሰድ ከጀመሩ ጦሩ ሊንቀሳቀስ ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሳሙና ለሚያመጣላቸው አከፋፋይ በቃል ይነግሩታል፤ እሱ ከወንዙ ማዶ ላለው ወገን ያደርሳል።

ፍቅሩ መቼ እንደጀመረ ብትጠይቋት አጣቢዋ የምትነግራችሁ ስለ በርሜሉ ነው። ብርዱ የጠና ሰሞን፣ ጠዋት ወደ ገንዳው ስትሄድ ውሃውን ሞቆ ታገኘው ጀመር። እሷ ሳትነሳ እሱ ከተኛበት ወለል ተነስቶ፣ እንጨት ፈልጦ፣ በርሜሉን ጥዶ ይጠብቃታል።

«ማን አዘዘህ?» አለችው።

«እጅሽ ተሰነጣጠቀ።»

ሌላ አልጨመረም። እሷ እጇን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ እሱን አየችው፣ ከዚያ ሁለቱም የሚያዩበት ጠፋቸው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እየባሰ ሄደ። ባልዲ ስታነሳ ሮጦ ይቀበላታል። ልብስ ስታሰጣ በመስኮቱ ያያታል፤ እንዲህ ፈዝዞ ሲያያት አንድ ቀን የአንዱን ሻምበል ሸሚዝ በካውያ አቃጠለው። እሷ ልትቆጣው ሄዳ ሳቅ አሸነፋት።

እትዬ አንድ ጠዋት ልብስ ማስጫው ሥር ያዟት።

«አንቺ ልጅ፣ ባልሽ ያይሻል።»

«ባል ሚስቱን ቢያይ ምን ነውር አለው እትዬ?»

«ስምንት ዓመት የኖረ? የኔው ሟች ገና በሁለተኛው ዓመት ቀሚሴን ገልብጬ ብለብስ እንኳ አያውቅም ነበር።» ሳቁ። ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእህቴ ልጅ ትናንት በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያያችሁ ዋለ። እነዚህ ሰዎች እውነት የቆዩ ባልና ሚስት ናቸው ወይ አለኝ። እኔ እንጃ አልኩት።»

የልብስ መቆንጠጫው ከአጣቢዋ እጅ ወደቀ። የእትዬ የእህት ልጅ የጠላት አስተርጓሚ ነው። እሱ የጠረጠረው ሰው ተጠርቶ ይሄዳል፤ ሲመለስ የታየ የለም።

ላውንደሪው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። «እንጣላ» አለችው።

«ምን አድርገሽኝ?»

«ባልና ሚስት የሚጣላበት ያጣል? ነገ ሰው ሁሉ ግቢ እያለ ትጮህብኛለህ።»

«እኔ መጮህ አልችልም።»

«ትችላለህ፤ አለዚያ እንሞታለን።»

በማግስቱ ረፋዱ ላይ የተቃጠለውን ሸሚዝ እያውለበለበች ወጣች። «አንተ ሰውዬ! ይኼ ምንድን ነው? ደግሞ እኮ ዝም ይላል! ግድግዳ ነው እንዴ ያገባሁት?»

አስተርጓሚው በረንዳው ላይ ሲጋራውን ይዞ ዞረ። ባልየው አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። አለቀልን ብላ አሰበች። በመጨረሻ ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድምፅ ወጣው።

«ዝም የምለው የሚጠይቀኝ ስላጣሁ ነው! አንድ ቀን ምን ትወዳለህ ብለሽኝ ታውቂያለሽ? ራስሽ ትወስኛለሽ! ይኼን ይወዳል፣ ያን አይወድም፣ ሁሉንም ራስሽ! እኔ... እኔ ርቦኛል!»

ይህ ከተለማመዱት ውስጥ አልነበረም። «ታዲያ ብትነግረኝ ምን ነበረበት!» አለችና እውነተኛ ለቅሶ አለቀሰች። እትዬ መሐላቸው ገቡ።

«በሉ በቃ! ምግቡንም ጨመር አድርጊለት፣ አንተም ድምፅህን ቀንስ። ኤዲያ! አሁን ገና ባልና ሚስት መሰላችሁ።»

አስተርጓሚው ፈገግ ብሎ ሲጋራውን ጣለና ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ጎን ለጎን ሲሠሩ ቀስ ብላ ጠየቀችው። «የተናገርከው ከልብህ ነው?»

«ረሃቡ ከልቤ ነው።»

«ሌላውስ?»

በዚህ ጊዜ ካውያውን በወጉ አስቀመጠው። «ሌላውማ እንዲያው ጩኸት ነው። እወድሻለሁ። ሻለቃው እንዳይሰሙብኝ።»

«እኔም እወድሃለሁ» አለች። «ከበርሜሉ ጀምሮ።» ክፍሉ ውስጥ በተሰጣው እርጥብ አንሶላ መሐል እጁን ያዘችው፤ ውሃው በክንዳቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ተጣሉ። ለጎረቤት ይጣላሉ፣ ለራሳቸው ይታረቃሉ። በሕይወቷ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏት አያውቅም።

አንድ ጠዋት ወታደሮች ተከታትለው መጥተው የአለቆቻቸውን ልብስ ከነውሃው መውሰድ ጀመሩ። «አልደረቀም እኮ» ብትለው አንዱ፣ «ድልድዩን ስንሻገር ይደርቃል» ብሎ ስቆ ሄደ። ማዶ ያለው ወገን ደግሞ ጠላትን የሚጠብቀው በድልድዩ በኩል አልነበረም። መንገዱ ለመኪና ስለተዘጋ ሳሙና አከፋፋዩ አይመጣም። አንዳቸው በእግር መሄድ አለባቸው። ወንዙ ዘንድ የሚያደርሰውን የጓሮ መንገድ የሚያውቀው እሱ ነው። እሷም ብትሄድና ላውንደሪው በዚያ ቀን ተዘግቶ ቢገኝ አስተርጓሚው ወዲያው ይነቃል፤ ጥበቃ ያጠናክራሉ፣ ባልየውም መንገድ ላይ ይያዛል።

«ጥዬሽ መሄድ አለብኝ» አላት።

«አውቃለሁ። ጮኸህ ሂድ።»

በሩ ሥር ሊናገር ሲል አፉን በእጇ ያዘችው። «አትናገር። ከተናገርክ አልለቅህም።»

አስተርጓሚው የግቢውን በር ተደግፎ ቆሟል። ባልየው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ። «በቃኝ! ሌላ ሴት አለችኝ፣ እወቂው!» ብሎ ጮኸ። እትዬ ጭንቅላታቸውን ያዙ።

አጣቢዋ ሸሚዙን ከኋላው ወረወረችበት። ሰው ሁሉ እየሰማ ልትለው የምትችለው ስድብ ብቻ ነው። «ሂድ! ሽንኩርት የምታበላህን ፈልግ!»

ዞር አለ። «አገኛታለሁ! በሕይወት ካለሁ አገኛታለሁ!»

ጎረቤቱ ሳቀ። አስተርጓሚው ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀለት፤ እንዲያውም ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ከሁለት ቀን በኋላ በድልድዩ በኩል መድፍ ሲጮኽ ዋለ። የጠላት ጦር ተመትቶ፣ ተቀዳዶ ተመለሰ። ወሬው መድረሱን በዚያ አወቀች። ስለ ወሬ አድራሹ ግን ማንም ምንም አልነገራት። እትዬ በየጠዋቱ፣ «የትም ወድቆ ይቅር!» ብለው ይረግሙላታል፤ እሷም ባሏ ጥሏት የሄደ ሚስት ናትና «አሜን እትዬ» ትላለች። ከሥራው ሁሉ የከበዳት ይቺ አሜን ነበረች። ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ እያንዳንዷን አሜን በልቧ ስትሽር ትውላለች።

በዓመቱ ጠላት ከተማዋን ለቆ ሄደ፤ አስተርጓሚውም በካሚዮናቸው ተሳፍሮ አብሮ ሄደ። ከወገን የተላኩት ሌሎቹ ሰላዮች ወደየቤታቸው ሲመለሱ አጣቢዋ እዚያው ቀረች። ቢመጣ የሚመጣው ወደዚያ ነው። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ሽንኩርት ገዛች። ከዚያ በየገበያው ገዛች።

«ባልሽ የማይወደውን?» አሏት እትዬ።

«ባሌ የታል እትዬ?»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት እየላጠች ሳለ ከግቢው በር የእትዬን ጩኸት ሰማች። «ደግሞ ዓይንህን በጨው ታጥበህ መጣህ? ያቺ ሌላዋ አባረረችህ?» የመጥረጊያ ድምፅ ተከተለ። ቢላዋዋን እንደያዘች ወጣች። ከስቷል፤ አንድ እግሩን ያነክሳል። መጥረጊያው ጀርባው ላይ ሲያርፍ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ቆሟል።

«እትዬ ይተዉት! ባሌ አይደለም!»

«እንዴ! ታዲያ ምንሽ ነው?»

«ገና አልተጋባንም።»

መጥረጊያው አየር ላይ ቀረ። «ስምንት ዓመቱስ?»

«ውሸት ነው እትዬ።»

«ጠቡስ?»

«እሱም።»

እትዬ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አሉ። አጣቢዋ ግን እሳቸውን ማየት ትታለች። የሚከለክላቸው ስለሌለ ዓይን ለዓይን ተያዩ። እንባዋ ይወርድ ነበር።

«ሽንኩርቱ ነው?» አላት።

«አይደለም።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ጠይቀሽኝ አታውቂም ብለኸኝ ነበር። አሁን ልጠይቅህ። ምን ትወዳለህ?»

«አንቺን» አለ ሳያመነታ። ከዚያ በእጇ ያለውን ሽንኩርት አየ። «ደግሞ ርቦኛል።»

እትዬ ከባልዲው ላይ ተነሱና ማንኪያ ሊያመጡ ገቡ።