ድስት የተደፋበት ስፒከር

«ሦስት ወር ሙሉ ፍሪ ሙዚቃ!» ናሆሚ «እቀበላለሁ» የሚለውን ልትጫን ስትል እናቷ ከኋላዋ ብቅ አለች።

«ምንድን ነው? ኢሜሉ በኔ ስም አይደል እንዴ የመጣው?»

«የኩሽናው ስፒከር ነው፣ እማ። ሳናውቅ ሲቀዳን ነበር። ብዙ ሰው ካምፓኒውን ከሶት አሁን ሴትል ሊያደርጉ፣ በስምምነት ሊጨርሱት ነው። ላይክ፣ ለሁላችንም ፍሪ ሙዚቃ።»

እናቷ የሙዚቃውን ክፍያ ካቋረጠችባት ወዲህ ናሆሚ ከዘፈን ይልቅ ማስታወቂያ ነበር የምትሰማው። ከጓደኛዋ ከሮሚ ጋር ዳንስ የሚለማመዱትም የሳሙና ማስታወቂያ መሀል እየገባባቸው ነው።

«የቀዱትንስ ያጠፉታል?» አለች እናቷ፣ እጇ በሳህን ማጠቢያው አረፋ እንደተሸፈነ።

እንግሊዝኛውን የምታነበው ናሆሚ ናት። «አዎ» ብላ መገላገል ትችል ነበር። ምላሷ ግን እምቢ አላት።

«አያጠፉትም። ለጠበቆቹ ሚሊዮኖች፣ ለኛ ሙዚቃ፤ ድምፃችን እነሱ ጋ ይቀራል።»

«ወይኔ ጉዴ! ለአባ ቴዎፍሎስ በስልክ ንስሐ የምገባው እዚሁ ነዋ! ሳህን እያጠብኩ!»

ናሆሚ ሳቋ አመለጣት። «ኦ ማይ ጋድ! ምን ብለሽ ነበር?»

«አንቺ ምን አገባሽ!» እናቷም ሳቀች። ከዚያ ትልቁን ድስት አንስታ ስፒከሩ ላይ ደፋችበትና ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «ለእግዚአብሔር ብዬ የተናገርኩትን ማን ሰምቶት ይሆን?» አለች በቀስታ።

ናሆሚ ኢሜሉን እስከ መጨረሻው አነበበችው። የማይስማማ ሰው ተቃውሞ ማስገባት፣ ከፈለገም በቪዲዮ ቀርቦ ለዳኛዋ መናገር ይችላል። ዳኛዋ ስምምነቱን ካልተቀበለችው ግን ሙዚቃውም አብሮ ይቀራል።

ይህን ስትነግራት እናቷ «እንግዲያው እናገራለሁ» አለች፤ ናሆሚም ለሮሚ ደወለች። «ሙዚቃው ላይኖር ይችላል። እማዬ ዳኛ ፊት ልትከራከር ነው።»

«ያንቺ እናት?» የናሆሚን እናት የዋጋ ክርክር ሰንሪጅ የገበያ አዳራሽ ድረስ ሄዳ ያየችው ሮሚ በሳቅ ፈረሰች። «ሲሪየስሊ፣ ዳኛዋ አሳዘነችኝ!»

የናሆሚ እናት ግን እንደ ሱቁ ቀን ደፋር አልነበረችም። «ምን እንደተናገርኩ ቢጠይቁኝስ?»

«አይጠይቁሽም። ‹ይጥፋልኝ› ማለት ብቻ ነው።»

«ብቻዬን?»

ናሆሚ ክፍል ውስጥ እንኳ እጇን አውጥታ አታውቅም። የተቃውሞው ቅጽ ላይ «አብሮዎት የሚናገር ሰው» ከሚለው ፊት ለፊት የራሷን ስም ጻፈችና ላከችው።