የተፋቀው ተራራ

በአርዛን መንግሥት የስድስቱ ተራሮች ምንጮች በአንድ ማለዳ እንደ ወተት ነጥተው ፈለቁ። ከብት ሊጠጣቸው አልደፈረም፤ ውሾች ወደ ተራራው አንጋጠው አላዘኑ። በሜርታ ከተማ ያሉት ራእይ ፈቺዎች ግን ካባቸውን ደርበው ከንጉሥ ኦርማን ፊት ቆሙና፣ «ይህ የጥጋብ ምልክት ነው፤ ተራሮቹ ለንጉሣችን ታለቡ» አሉ። ንጉሡም አመናቸው። እንዲህ ያለውን ነገር ለማመን ዘውድ መድፋት ብቻ ይበቃል።

በማግስቱ የግምጃ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ተገኘ። የተራሮች ብራና ተሰርቋል።

ብራናው የአርዛን ነፍስ ነበር። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ከሶርባ ሜዳ ነገሥታት ጅራፍ ያመለጡ ሰዎች አማልዲን በምትባል ሴት መሪነት ወደ ተራሮቹ ሲወጡ፣ በየተራራው ሥር ዝብራ የሚባል ጀርባው ዐለት የሆነ ግዙፍ አውሬ ተኝቶ አገኙ። አማልዲን ከአውሬዎቹ ጋር ቃል ኪዳን ገባች፤ የእያንዳንዳቸውንም ስም በጥንቱ ፊደል በአንድ ብራና ላይ ጻፈች። ከዚያ ብራና ላይ ስሙ የተነበበለት ዝብራ ይነቃል፤ አንባቢው እንዳዘዘውም የተራራውን መተላለፊያ ይዘጋል ወይም ይከፍታል። አማልዲን የስድስቱን ተራሮች በሮች ሁሉ አስዘጋች። ሶርባዎችም ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ ተራሮቹን ከታች ሆነው ከመርገም በቀር የሚያደርጉት አልነበራቸውም።

ስድስቱ ተራሮች በምዕራብ በኩል ጎን ለጎን ቆመዋል። በመካከላቸው የሚያልፉት መንገዶች ሁሉ ቁልቁል ወርደው ጉሮሮ በሚባል ጠባብ ሸለቆ ይገናኛሉ፤ ከጉሮሮው ማዶ ሜርታ ትገኛለች። ከጉሮሮው አናት ላይ ደግሞ ሰባተኛ ተራራ አለ። በቤተ መንግሥቱ አንደበት ግን ተራራ አልነበረም፤ «ያ ኮረብታ» ነበር። ቤተ መንግሥቱ ሲታነጽ ጀርባውን ሰጥቶታል፤ ወደዚያ የሚያይ አንድ መስኮት እንኳ የለውም። በላዩ የሚኖሩትን ሦስት ሺህ ሰዎች መኳንንቱ «ጀርባዎች» ይሏቸዋል፤ ግንብ ሲሠራ ድንጋይ ያሸክሟቸዋል፤ ግንቡ ሲያልቅ ይረሷቸዋል።

ብራናው በጠፋ በስድስተኛው ቀን ከእነዚህ ጀርባዎች አንዷ፣ ዘልካ የምትባል የሃያ ዓመት የገደል መንገድ መሪ፣ ገመዷን በትከሻዋ እንደ አንጠለጠለች ዙፋን ቤት ገባች። ዘበኞቹ ያሳለፏት የምትለውን ሰምተው ስለ ደነገጡ ነው።

«ጌታዬ፣» አለች፣ «ብራናውን የወሰደው የባለቤትዎ ወንድም ራስ ገምሻር ነው። በገደሉ በኩል ወደ ሶርባዎች እንዲያሻግረው ወንድሜን ለመንገድ መሪነት ወሰደው። የሶርባዎቹ ዲብራ ምሽግ ሲደርሱ ወደ ገደል ገፋው። እኔ ተከትያቸው ስደርስ ወንድሜ ነፍሱ አልወጣችም ነበር፤ የሰማውን ሁሉ ነግሮኝ ሞተ። ከአራት ቀን በኋላ በቀትር የሶርባ ካህናት ብራናውን ያነባሉ። ስድስቱ በሮች ይከፈታሉ።»

ንጉሥ ኦርማን ወደ መኳንንቱ ዞሮ፣ «ኮረብታ ላይ ያደገች ልጅ ስለ ተራራ ልታስተምረን መጣች» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

ዘልካ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። «ጨረሳችሁ? እንግዲያው መንገዱን ልንገራችሁ። በገደሉ የሦስት ቀን ጉዞ ነው። ማን ይከተለኛል?»

ያን ጊዜ ሳቅ የለም። አንደኛው የጦር አለቃ የጉልበቱ ሕመም ትዝ አለው። ሁለተኛው የልጁ ሠርግ ደርሷል። ሦስተኛው ከንጉሡ ጎን መራቅ ታማኝነት እንዳልሆነ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ተጨበጨበለትም። በመጨረሻ ንጉሡ ሞታቸው የማይጎዳውን ሁለት ሰዎች መረጠ። አንዱ ጎርማድ ነበር፤ እውነት በመናገሩ ከጦር አለቅነት ወርዶ የፈረስ ቤት ጠባቂ የሆነ ወታደር። ሌላው የስድሳ አምስት ዓመቱ ሊቀ ጸሐፍት አውናስ ነበር፤ ጥንቱን ፊደል የሚያነብ፣ እውነተኛውን ብራና ከሐሰተኛው የሚለይ በአርዛን ከእርሱ በቀር ሰው አልነበረም።

ዘልካ ቀኝ እጇን ዘርግታ ማለች፦ «በአማልዲን እግር፣ በወንድሜ ደም! ብራናውን ሳልይዝ ከዲብራ አልመለስም። ብመለስ ተራራው አይሸከመኝ፤ ምንጩም አያጠጣኝ!»

ማንም «ይሁን» አላላትም። ምሳ ደርሶ ነበር።

አውናስ የአርዛንን ምድርና ዘመን በሦስት ጥራዝ የጻፈ ሰው ነው። የጻፈውም ሁሉ ከወንበሩ ሳይነሣ ነው። የመጀመሪያው ገደል ላይ ሲደርሱ ወደ ታች አይቶ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይህ መንገድ በመጽሐፌ የለም» አለ።

«መጽሐፍዎም በዚህ መንገድ የለም» አለች ዘልካ። «ገመዱን ይያዙ፣ ሊቅ።»

ሲያርፉ ጠየቀችው፤ «ስለ እኛ ስለ ጀርባዎቹ ምን ጻፉ?»

«ስለ እናንተ? ‹ከጉሮሮ በላይ ጥቂት እረኞች አሉ› ብያለሁ።»

«ሦስት ሺህ ነን።»

«ሦስት ሺህ እረኛ ለታሪክ ጥቂት ነው» አለ አውናስ፤ ከገዛ ጫማው ውስጥ ጠጠር እያወጣ።

ጎርማድ ከት ብሎ ሳቀ። «ሊቅ፣ አሁን ተሸክማ የምታሻግርዎት ከነዚያ ጥቂቶቹ አንዷ ናት።»

በሁለተኛው ቀን የናስማዎችን ጫፍ አለፉ። ናስማ የናስ ምንቃር ያለው አሞራ ነው፤ የሰው ድምፅ በሰማበት ይወርዳል። ዘልካ ትንፍሽ እንዳይሉ አስጠነቀቀቻቸው። በሕይወቱ ሙሉ አድማጭ አጥቶ የማያውቀው አውናስ ግን እግሩ ሲንሸራተት፣ «አቤት ውርደቴ!» ብሎ ጮኸ። ሰማዩ በክንፍ ጠቆረ። ጎርማድ ሽማግሌውን በደረቱ ሸፍኖ በጎራዴው እየመከተ አሻገረው። ከጫፉ ሲወርዱ የጎርማድ ግራ ዐይን በቦታው አልነበረችም።

አውናስ የነጠላውን ጫፍ ቀዶ ቁስሉን አሰረለት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ ዲብራ ድረስ ምንም አልተናገረም፤ ዘልካም ይህን እንደ ታላቅ ስጦታ ቆጠረችው።

ዲብራ የደረሱት በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ነበር፤ ዘግይተዋል። የሶርባ ካህን ስድስተኛውን ስም እያነበበ ነው። ምድር ተናወጠች፤ ተራራው እንደ በሬ አጓራ፤ ዝብራው ዐለት ጀርባውን ነቅንቆ ተነሣ፣ ስድስት መቶ ዓመት የተዘጋው በርም እንደ መጋረጃ ተከፈተ። የምሽጉ ግንብ በመናወጡ ፈረሰ፤ ድንኳኖች ተደረመሱ፤ ካህኑ ከግንቡ ጋር ወደቀ። ዘልካ በአቧራው መካከል ሮጣ ብራናውን ከመሬት አነሣች። ቀና ስትል ራስ ገምሻር ጎራዴውን መዝዞ ከፊቷ ቆሟል።

«የዚያ ገመድ ጎታች እኅት ነሽ?» አላት። «ስሚኝ። አገሬን የሸጥኳት ውድ ስለሆነች እንዳይመስልሽ። ርካሽ ስለሆነች ነው። ድንጋይ፣ ፍየልና አንድ ሰነፍ ንጉሥ! ለዚህ የሚሞት ሰው ካለ ይሙት።»

«ወንድሜን ለምን ገፋኸው?»

ገምሻር የጠየቀችው የገባው አልመሰለም። «መንገዱን ካሳየኝ በኋላ ምን ያደርግልኛል?»

ዘልካ ገመዷን ወርውራ እግሩን ጠለፈችው። ሲወድቅ ጎርማድ በአንድ ዐይኑ አነጣጥሮ ጎራዴውን ሰካበት። ዘልካ ሬሳውን ዞራ አላየችውም። ከሥራቸው ሠላሳ ሺህ የሶርባ ጦር በስድስቱ በሮች እንደ ጎርፍ እየገባ ነበር።

ጦሩ በሰፊው መንገድ ዞሮ ጉሮሮ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። እነርሱ በገደሉ ቁልቁል በሁለት ቀን ወርደው ሰባተኛው ተራራ ላይ ደረሱ። እዚያ አውናስ ብራናውን በጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ስድስት ስሞች ተጽፈውበታል፤ ከሥራቸው ቆዳው ተፍቆ የሳሳ ባዶ ቦታ አለ።

«እዚህ ላይ ምን ነበር?» አለች ዘልካ።

አውናስ የሳሳውን ቆዳ በጣቱ ዳሰሰ። «የእናንተ ተራራ ስም። አማልዲን የተወለደችው ከእናንተ ወገን ነው፤ በብራናውም ‹የዚህ ተራራ ልጆች ለማንም ሸክም አይሸከሙ› ብላ ጽፋ ነበር። ከአርባ ዓመት በፊት የኦርማን አባት ግንብ ሊሠራ ድንጋይ ተሸካሚ ፈለገ። ስም የሌለው ተራራ መብት የለውም አለ። ቢላዋ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ስጨርስ ካባ ሸለሙኝ።»

ዘልካ ከፊቱ ቆማ ቁልቁል አየችው። እስከዚያች ቀን «እርስዎ» ትለው ነበር።

«አባቴ ያንን ግንብ ሲጠግን ድንጋይ ወድቆበት ሞተ» አለች። «አንተ ግን ካባህን ለብሰህ ‹ጥቂት እረኞች› ብለህ ጻፍክ።»

«አዎ።»

«አሁን ምን ትፈልጋለህ?»

«ጦሩ ስድስቱን በሮች አልፏል፤ አሁን ብንዘጋቸውም አይጠቅምም። ሶርባዎች ይህን ስም ግን አላነበቡትም፤ የሚነበብ አልነበረምና። የሰባተኛው ዝብራ ጌታ እስካሁን ማንም አይደለም። የፋቅኩትን ስም ረስቼዋለሁ፤ ንገሪኝና በቦታው ልጻፈው። ጦሩ ጉሮሮ ሲገባ ዝብራው ከነቃ ሸለቆው ይዘጋል። ነገር ግን ልንገርሽ፤ ሲነሣ መንደራችሁ ከጀርባው ላይ ይወርዳል። ቤታችሁ፣ እርሻችሁ፣ መቃብራችሁ ሁሉ።»

ጎርማድ አንገቱን ደፋ። ዘልካ የወገኖቿን ሽማግሌ ዳባልን አስጠርታ ነገሩን ሁሉ ነገረችው። ዳባል ከተቀመጠበት ሳይነሣ አፈሩን በእፍኙ ዘገነ።

«ለነዚያ ለሜርታ ሰዎች ብለን ነው አገራችንን የምናፈርሰው?» አለ።

«ለእነርሱስ አንዲት ጠጠር አላነሣም፣ አባቴ። ሶርባዎች ግን ሲመጡ መጀመሪያ የሚያገኙት እኛን ነው። አያቶቻችን የሸሹት ጅራፍ ነው የሚመጣው።»

«አያቶቻችን እዚህ አሉ፣ ልጄ።»

«አያቶቻችንን ይዘን መውረድ አንችልም። ልጆቻችንን ግን እንችላለን።»

ሽማግሌው አፈሩን በኩታው ጫፍ ቋጠረ፤ ከዚያም ተነሥቶ ነጋሪት አስመታ። ሦስት ሺህ ሰው በምሥራቁ በኩል ይወርድ ጀመር። ሲወርዱ ያለቀሰ አልነበረም ማለት ሐሰት ይሆናል።

ዘልካ ወደ አውናስ ተመለሰች። «ይቅርታዬን አልሰጥህም» አለችው። «ስሙን ግን እሰጥሃለሁ። ሐንዱራ ነው።»

«የሚያስፈልገኝም እርሱ ነው» አለ አውናስ፤ ቀለሙን አውጥቶ በተፋቀው ቆዳ ላይ በጥንቱ ፊደል ጻፈ። በሕይወቱ እንደዚያ ተጠንቅቆ የጻፈው ፊደል የለም። ሲጨርስ ወደ ተራራው ጫፍ፣ የዝብራው ራስ ወደሚባለው ዐለት አየ። «አርባ ዓመት ስሙ ተፍቆ የኖረ ዝብራ እንቅልፉ ከባድ ነው። እስኪነቃ ድረስ ከራሱ ላይ ቆሞ ደጋግሞ ማንበብ ያስፈልጋል።»

«ከዚያስ አንባቢው እንዴት ይወርዳል?» አለ ጎርማድ።

«አይወርድም።»

«ስጠኝ፣ እኔ ልውጣ» አለች ዘልካ።

«ማንበብ አትችዪም። ለልጆቻችሁ ፊደል የከለከልነው እኛ ነን፤ ስለዚህ ሥራው የኔ ሆነ። ሂዱ፤ ወገኖችሽን አውርጂ።»

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የሶርባ ጦር እየዘፈነ ጉሮሮ ገባ። ከላይ አንድ ቀጭን የሽማግሌ ድምፅ ሲጮህ ሰሙ፤ ቀና ብለው አይተው ሳቁበት። ድምፁ አላቋረጠም። «ሐንዱራ! ሐንዱራ!» አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ፣ እየሻከረ፣ እየተሰበረ። በመጨረሻ ተራራው ተነፈሰ። ከዚያም ተነሣ። ደኑ፣ ቤቱ፣ ዐለቱ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ጉሮሮ ወረደ። ስድስቱ ዝብራዎች የወንድማቸውን ግሣት ሰምተው ተመልሰው ተኙ፤ በሮቹም ከሶርባዎች በስተኋላ ተዘጉ። ከዐለቱ የተረፈው ጦር መሣሪያውን ጥሎ እጁን ሰጠ። አውናስና ብራናው አልተገኙም።

ንጉሥ ኦርማን ድሉን ሲሰማ አለቀሰ፤ ያለቀሰው ግን ለብራናው ነው። ራእይ ፈቺዎቹ ንጉሡ በሕልሙ ዝብራውን እንዳዘዘው አወጁ። ለዘልካ የብር አንባር አዘጋጁና ተንበርክካ እንድትቀበል መልእክተኛ ላኩባት።

መልእክተኛው ዘልካን ያገኛት ከሜርታ ሥር ባለው የንጉሡ የአደን መስክ ላይ ነው። ሦስት ሺህ ሰው ከነፍየሉ ሰፍሮበታል፤ ዛፍ እየተቆረጠ፣ ምሰሶ እየተተከለ ነው።

«ይህ የንጉሡ መሬት ነው!» አለ መልእክተኛው።

«የኛው መሬት ጉሮሮ ላይ ወድቋል» አለች ዘልካ። «አንባሩን ለንጉሡ መልስለት፤ ሳያስፈልገው አይቀርም።»

ንጉሡ ተቆጥቶ ሁለት መቶ ወታደር ላከ። ወታደሮቹ መስኩ ዳር ሲደርሱ ጎርማድን አንድ ዐይኑን በጨርቅ አስሮ፣ መጥረቢያ በእጁ ይዞ አገኙት። አብዛኞቹ ቀድሞ በእርሱ ሥር የዘመቱ ናቸው። ጎርማድ አንዳች አልተቆጣም፤ «ግንዱን የሚያነሣ ሰው አጥተናል፤ ጎራዴያችሁን እዚያ አስቀምጡ» አላቸው። አንዱ አስቀመጠ። ከዚያ ሌላው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለት መቶውም ግንድ ተሸክመዋል።

በሳምንቱ በሜርታ አደባባይ አዋጅ ተነገረ፤ ንጉሥ ኦርማን ከቸርነቱ ብዛት የአደን መስኩን ለተራራው ሰዎች እንደ ሰጠ ተነገረ። የሰማው ሁሉ ሳቀ። ዘልካ ግን አዋጁን አልሰማችም። ከዳባል ጋር ሆና የቤቷን መሠረት ትቆፍር ነበር።