የውሃ ሞተሩን ያበራው ስልክ

መስዑድ ጣና ዳር ካለው የእንግዳ ማረፊያ ግርጌ፣ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ የነቀለውን እምቦጭ እንደታቀፈ ሞቶ ተገኘ። ያገኙት የማረፊያው ባለቤት ወይዘሮ እናትዓለም ናቸው፤ እንግዶቻቸውን በጀልባ ዘጌ አድርሰው ሲመለሱ። የውሃ ሞተሩ እያጉረመረመ ነበር። እየጮሁ ሮጠው የግቢውን መብራት ከቆጣሪው አጠፉት።

ዋና ኢንስፔክተር ሰብለ ወንጌል ስትደርስ ሬሳው ወጥቶ በአንሶላ ተሸፍኗል። ልባሱ የተላጠው የሞተሩ ገመድ ተቆርጦ ለግቢው መብራት ተመልሷል። አንሶላውን ገልጣ አየችና መልሳ ሸፈነችው።

«ሞተሩን በምንድን ነው የሚያበሩት?» አለች።

«በስልክ፣ በኢንተርኔት ነው ልጄ» አሉ እናትዓለም። «ራሱ መስዑድ ነው የገጠመልን። ማብሪያው በእኔ፣ በእሱ፣ በሚስቱ በተስኒምና በሽርካው በአምሐ ስልክ ላይ ብቻ ነው ያለው።»

«በእጅስ አይበራም?»

«ሣጥኑ ይቆለፋል። ቁልፉ ከእሱ ኪስ ወጥቶ አያውቅም።»

ሰብለ ወንጌል የሟቹን ኪስ ዳሰሰች። ቁልፉ እዚያው ነበር።

«የገመዱ ልባስ መላጡንስ ማን ያውቅ ነበር?»

«አራታችንም። ሰው ውሃ ውስጥ ካለ ሞተሩን እንዳትነኩ ብሎ አስጠንቅቆናል። ዛሬም እምቦጭ የሞተሩን አፍ ደፈነውና አጥፍቶት ሲገባ በዓይኔ አይቼ ነው ጀልባው ላይ የወጣሁት።»

«ከዚያ በፊት ምን ሠራ?»

«ጠዋት እንደመጣ የካሜራውንም የዋይፋዩንም ፓስወርድ ቀየረ። የዋይፋዩን ለእንግዶች ብሎ ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ምነው ብለው፣ ‹ሁሉንም ቤት ስጨርስ እነግርዎታለሁ፤ አሁን አንደበቴ አይችልም› አለኝ።»

ተስኒም ከዓባይ ማዶ በባጃጅ ደረሰች። አንሶላው አጠገብ ተንበረከከች እንጂ አልጮኸችም።

«ስጡኝና ሳይመሽ ይቀበር» አለች።

«ሐኪም ሳያየው አልችልም እህቴ።»

«ምንም ማድረግ አትችይም?»

«አልችልም።» ሰብለ ወንጌል አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «ጠዋት እንዴት ነበር የወጣው?»

«ፊቱ ልክ አልነበረም። ብጠይቀው ዝም አለኝ። ቤት ሆኜ በቴሌግራም ጻፍሁለት፤ ዳታ ስለጠፋ አልሄደም።»

ስልኳን ዘረጋችላት። መልእክቱ ሳይላክ ቆሟል፦ «ምን ሆነህ ነው? የኔ ጌታ፣ ንገረኝ።» ሰብለ ወንጌል የራሷን ስልክ አየች። በከተማው ከጠዋት ጀምሮ የሞባይል ዳታ የለም፤ የሚሠራው ጥሪ ብቻ ነው። የማረፊያው ዋይፋይ ግን በገመድ መስመር ስለሚመጣ አልተቋረጠም።

አምሐ የመጣው በመጨረሻ ነው። ከመስዑድ ጋር ሱቅ ከፍተው በየቤቱና በየንግድ ቤቱ ዋይፋይና ካሜራ ሲገጥሙ ኖረዋል። የግቢውን በር ገና እንዳለፈ ስልኩ የቴሌግራም መልእክት እየገባለት አከታትሎ ጮኸ። ቶሎ ብሎ ድምፁን አጠፋው።

«ወንድሜን ነው ያጣሁት» አለ ዓይኑን እየጠረገ።

«የት ነበርህ?»

«ሱቅ ነበርሁ። ከፋሲካ ወዲህ እዚህ ግቢ ረግጬ አላውቅም።»

ሰብለ ወንጌል ሌላ አልጠየቀችውም። ወደ ሐይቁ ዳር ወርዳ፣ መስዑድ ሰሞኑን ካሜራ ወደፈተሸላቸው ደንበኞች መደወል ጀመረች። ስትመለስ ሦስቱንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መስዑድን የገደለው ሞተሩን በስልክ ያበራ ሰው ነው» አለች። «ዳታ ስለሌለ ከሩቅ ሆኖ ማብራት አይቻልም። ያበራው ሰው በዚህ ግቢ ዋይፋይ ላይ ነበር። ወይዘሮ እናትዓለም ከእንግዶቻቸው ጋር ሐይቁ ላይ ነበሩ። ተስኒም ለባሏ የጻፈችው እንኳ አልሄደላትም፤ እዚህ ብትሆን ኖሮ ይሄድ ነበር።»

አምሐ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«አንተ ስትገባ ስልክህ ጮኸ። የእኔ ስልክ እስካሁን ጸጥ እንዳለ ነው። ያንተ ዋይፋዩን ያገኘው በር ላይ ነው፤ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ግድግዳውንም ሳታይ። ፓስወርዱ ደግሞ የተቀየረው ዛሬ ጠዋት ነው። ከፋሲካ ወዲህ ያልመጣ ሰው ስልክ አዲሱን ፓስወርድ ከየት አወቀው?»

አምሐ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ደንበኞቻችሁን ጠየቅሁ። መስዑድ ትናንት እየዞረ ፓስወርድ ሲቀይር፣ ‹ካሜራችሁን ሌላ ሰው እያየበት ነው› ብሏቸዋል። የየቤቱን ፓስወርድ ከእሱ ሌላ የሚያውቅ የገጠመው ሽርካው ብቻ ነው።»

«ለመንሁት!» አለ አምሐ። «ዛሬ እዚህ ድረስ መጥቼ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ለእያንዳንዱ ቤት እነግራለሁ አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ውሃ ውስጥ ገባ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር...»

«ያየኸውን ለማን ላክኸው?»

«ቴሌግራም ላይ ላሉ ሰዎች። አላውቃቸውም። እነሱም ለሌላ ይልካሉ።»

እናትዓለም ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሁለት ፖሊሶች አምሐን ይዘውት ሲወጡ ተስኒም ዞር ብላም አላየችውም።

«መስዑድ የእኛን ቤት ካሜራ ፓስወርድ ቀይሮት ነበር?» አለች።

ሰብለ ወንጌል አጠገቧ ተቀመጠች። «ለደንበኞቹ እንደነገራቸው፣ የሰዉን አስቀድሞ የራሱን ለመጨረሻ ትቶት ነበር።»

«እኔ ቤቴ ውስጥ ተሸፍኜ አላውቅም» አለች ተስኒም ቀስ ብላ። «ምስሌን ከሰዉ ስልክ ላይ ታነሺልኛለሽ?»

«የአምሐን እይዘዋለሁ። ሌላው የት እንደደረሰ አላውቅም። አልችልም እህቴ።»

መስዑድ በማግሥቱ ተቀበረ። ከቀብር በኋላ ሰብለ ወንጌል ለቅሶ ልትደርስ ዓባይ ማዶ ሄደች። ተስኒም ካሜራውን ከነገመዱ ነቅላዋለች፤ ግድግዳው ላይ የቀረው ባዶ ቀዳዳ ነው። መስኮቱ ተዘግቷል፤ በሩም ተቀርቅሯል። ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ ሴቶች በቀር ማንም የለም።

«አሁን እኮ የሚያይሽ የለም» አለች ሰብለ ወንጌል።

ተስኒም ሂጃቧን አገጯ ሥር አጥብቃ ይዛ፣ በገዛ ቤቷ ጥግ እንደ እንግዳ ተቀመጠች።