ድምፁ የጠፋው ፍሪጅ

«ሞቷል!» አሉ እማማ በስልክ።

ጮክ ብለው ስለተናገሩ ቃሉ ከስልኩ አምልጦ ማድቤት ሳህን ታጥብ ወደነበረችው የፍሪዮን እናት ደረሰ። እናትየው እጇን ሳታደርቅ እየሮጠች መጣች። «ማን? ኧረ ማን ነው የሞተው?»

«ፍሪጁ ነው» አለች ፍሪዮን ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ።

«እና እንደዚህ ይባላል? ልቤ ቀጥ አለ እኮ!»

ፍሪዮን እውነተኛ ስሟ አይደለም። አባቷ አሮጌ ፍሪጅ ጠጋኝ ስለሆነ የክፍሏ ልጆች ፍሪጅ ውስጥ በሚሞላው ጋዝ ስም ይጠሯታል። መጀመሪያ ሰሞን ተናድዳ ነበር፤ አንድ ቀን ደግሞ ሽንት ቤት ገብታ አልቅሳለች። ኋላ ግን ከጀርባዋ የሚቀመጠውን ልጅ «ካልሲ» እንደሚሉት ስትሰማ የእሷ እንደሚሻል ገባትና ተወችው።

አባቷ አዲስ ፍሪጅ በእጁም አይነካም። የእሱ ሥራ አያቶች የገዟቸው፣ ትከሻቸው ክብ፣ እጀታቸው የድሮ መኪና በር የሚመስል፣ ሦስት ጎረምሳ ካልተጋገዘ የማይነቃነቁ ፍሪጆች ናቸው። አንዱ ሲመጣለት ወዳጁ ከሩቅ አገር የመጣ ያህል ፊቱ ይፈካል። የካቻቢቴውን ብረት ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። በዚያን ጊዜ ቤት ውስጥ ማስነጠስ ክልክል ነው።

እማማ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ደንበኛው ናቸው፤ የእሳቸውን ፍሪጅ ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ወዶት ነበር። ጋዙ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ በሳሙና አረፋ ፈልጎ አገኘው፣ በየደው፣ አዲስ ጋዝ ሞላው። ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ደርቀው ስለተሰነጣጠቁም ከመኪና ጎማ ቆርጦ አዳዲስ ሠራለት። ድሮ ሲነሳ እንደ እህል ወፍጮ የሚያጓራው ፍሪጅ ጸጥ አለ። አባቷ ያን ቀን ቤተሰቡን ሁሉ ጠርቶ ፍሪጁ ፊት አሰለፋቸው።

«ስሙ!» አለ።

ሰሙ።

«ምንም አይሰማም» አለች እናትየው።

«እሱ ነዋ!» አለ አባቷ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ትናንት ወደ ቤታቸው መለሰላቸው፤ አሁን ግን እማማ ሞቷል አሉ። የባሰው ነገር ደግሞ ቀኑ ነው። ልጃቸው፣ ከረባት የማያወልቅ የቢሮ ሰው፣ አዲስ ፍሪጅ ገዝቶ ሳሎናቸው ውስጥ ከነካርቶኑ አቁሞላቸዋል። አሮጌው እስከዛሬ ከሰዓት ካልሠራ ቆራሌው መጥቶ በብረቱ ክብደት ገዝቶ ሊወስደው ተስማምተዋል። አባቷ ይህን ያውቃል። የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ፤ ፍሪዮን ከኋላው ተከተለችው።

አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ ሁለቱም ያለከልኩ ነበር። እማማ በሩን ከፍተው ሳይስሟቸው ወደ ማድቤት መሯቸው።

አባቷ የፍሪጁን በር ሳብ አደረገ። ቅዝቃዜው ፊቱን ገረፈው። የውሃው ጠርሙስ ላብ ላብ ብሎታል፤ ላይኛው ክፍል ውስጥ ያለው ውሃ ጠጥሮ በረዶ ሆኗል።

«እማማ፣ ይሠራል እኮ!»

«አይሠራም።»

«ይኸው በረዶው!»

«የትናንት ይሆናላ» አሉ እማማ። «ሲሠራ አውቀዋለሁ ልጄ። ሲሠራ ያጓራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆዎቼ ይንኳኳሉ። አሁን ድምፁ ጠፋ። ሌሊቱን ሙሉ እየነቀልኩ ብሰካው፣ እየነቀልኩ ብሰካው አልነቃ አለኝ።»

አባቷ በአቅራቢያው የነበረው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «ሌሊቱን ሙሉ?»

«ምን ላድርግ? ይነቃል ብዬ ነዋ!»

ፍሪዮን አባቷ ለምን እንደደነገጠ ገብቷታል። እንዲህ ያለ ሞተር ሲጠፋ ውስጡ ያለው ጋዝ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ወዲያው ከተሰካ ሞተሩ ከጋዙ ጋር ይታገላል፣ ይግላል፤ ከተደጋገመ ይቃጠላል። ከተቃጠለ ደግሞ መለወጫ የለውም፤ ሠሪዎቹም ፋብሪካውም ድሮ ቀርተዋል።

«እማማ፣ ሁለተኛ እንዳይነቅሉት፤ እለምንዎታለሁ» አለ አባቷ እጁን አጣምሮ።

«እሺ» አሉ እማማ። እጃቸው ግን ሶኬቱ ላይ ነበር።

ፍሪዮን አባቷን ወደ ጥግ ሳበችው። «አባዬ፣ ትንሽ ድምፅ ብንመልስለትስ?»

«ምን?»

«ትንሽ ብቻ። እንደ ድሮው።»

«ጤነኛ ሰው እግሩን ሰብሬ ምርኩዝ ልስጠው? ሥራዬን እኔው ላበላሽ?»

«አታካብድ እንጂ አባዬ።»

«አላካበድኩም! ያ ጸጥታ የእጄ ሥራ ነው!»

ይህን ጊዜ ከታች የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። አባቷ በመስኮት አጎንብሶ አየ። ባለከረባቱ ልጅ ከመኪናው ወርዶ ቆራሌውን በእጁ ወደ ላይ እያሳየው ነበር። አባቷ ቦርሳውን እዚያው ጥሎ፣ ካቻቢቴ የጨበጠ እጁን እያወራጨ በደረጃው ቁልቁል ሮጠ።

እማማ ጥሩምባውን የሰሙ አይመስሉም። ፍሪዮንን አጠገባቸው አስቀምጠው እጇን ያዙ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ የኔ ልጅ። ለማንም እንዳትነግሪ።»

«አልናገርም እማማ።»

«ጆሮዬ እየሄደ ነው። ልጄ አያውቅም። ቢያውቅ ብቻዎን መኖር አይችሉም ብሎ ዛሬውኑ ሻንጣዬን ይዞ ወደ ቤቱ ነው የሚወስደኝ። ሚስቱ ደግ ናት፣ አላማትም። ግን እዚያ ቤት መጋረጃውም በሪሞት ነው። አንዴ ልተኛ ብዬ አንዱን ብጫን ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ቤቱን ሁሉ ቀሰቀስኩት።» ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ቀነሰ። «ሌሊት የሚሰማኝ ይሄ ፍሪጅ ብቻ ነበር። ሲያጓራ፣ ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላም አለ እላለሁ፤ እንቅልፌን እተኛለሁ። አሁን ዝም ሲል ፈራሁ።»

ፍሪዮን ወደ ፍሪጁ ዞረች። ቃል ገብታለች፤ ስለዚህ ለአባቷ ነግራ ልታሳምነው አትችልም። ዝም ካለች ደግሞ እማማ ዛሬ ማታ መልሰው ይነቅሉታል፣ ይሰኩታል፤ ፍሪጁ የምሩን ይሞታል።

ከቦርሳው ትንሿን ካቻቢቴ አውጥታ ፍሪጁ ሥር ተንበረከከች። የሞተሩን ጎማዎች ማውጣት አይሆንም፤ ቧንቧው ከብረቱ ጋር ተፋትጎ ይቀደዳል፣ ጋዙም ያመልጣል። ይህን ከአባቷ ስትሰማ ነው ያደገችው። ሞተሩን ከፊት የሚሸፍነው ቆርቆሮ ግን ምንም አይነካም። በሁለት ብሎን ነው የታሰረው። የግራውን አንድ ዙር አላላችው፤ ምንም። ሌላ ዙር ጨመረች።

ድድድድድድ!

መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች መንኳኳት ጀመሩ። እማማ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ተነሳ!» አሉ። «ተነሳልኝ!»

በዚሁ መሃል በሩ ተከፈተና ልጃቸው ገባ፤ አባቷና ቆራሌውም ተከተሉት። አባቷ ደፍ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

«ይሄ ነው ተጠገነ የተባለው?» አለ ልጃቸው። «ደረጃው ላይ ስንወጣ ምን ነበር ያሉኝ? ‹ጸጥታውን ይስሙልኝ› አላሉኝም?»

ቆራሌው ፍሪጁ ከበሩ ያልፍ እንደሆነ በክንዱ መለካት ጀመረ።

«አይዘኑ ጌታው» አለ ልጃቸው፣ ድምፁን አለስልሶ። «ዕድሜ ነው። እጅም እኮ ይደክማል።»

የአባቷ ጆሮ ቀላ። ፍሪዮን ልትናገር አፏን ከፈተች። እኔ ነኝ ልትል ነበር፤ የአባቴ እጅ አልደከመም ልትል ነበር። ግን ለምን አደረግሽው ሲሏትስ? እማማ የሹራቧን እጅጌ ጨብጠዋታል። አፏን ዘጋች። አባቷን ሰው ሲያዋርደው ዝም ብላ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

አባቷ ቀስ ብሎ ተንበረከከና ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ደግኖ ጆሮውን አስጠጋ። ቆራሌው ሊያስነጥሰው ሲል ፍሪዮን ዓይኗን አጉረጠረጠችበት፤ አፍንጫውን ይዞ አፈነው።

አባቷ ዓይኑን ገለጠ። ቆርቆሮውን አየ። የግራውን ብሎን አየ። ከዚያ ልጁን አያት፤ እሷ ወለሉን አየች።

«እማዬ፣ ይውሰደው አይደል?» አለ ልጃቸው ከጀርባቸው። እማማ ዘወር አላሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ብለዋል። «እማዬ?» አለ ደግሞ።

አባቷ እማማን ለአፍታ ተመለከታቸው። ከዚያ ተነስቶ ላይኛውን ክፍል ከፈተ፣ አንድ ቁራጭ በረዶ ፈልፍሎ አወጣና ባለከረባቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

«ይሠራል» አለ። «ድምፁ… የድሮ ፍሪጅ ጠባይ ነው። እንዲህ ነው የሚሠራው።»

ፍሪዮን አባቷ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ያወጣል ብላ አስባ አታውቅም።

ልጃቸው በረዶውን የት እንደሚጥለው ጠፍቶት ከእጅ እጅ አቀያየረው፤ ውሃው ከረባቱ ላይ ተንጠባጠበ። «ታዲያ አዲሱን ምን ላድርገው?»

ይህችን ግን እማማ ሰሙ። «ለራስህ!» አሉ። «ሪሞት ካለው ደግሞ ሚስትህ ደስ ይላታል።»

ቆራሌው ባዶ እጁን ላለመመለስ ካርቶኑን ለመነ።

አባትና ልጅ ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። ሦስተኛ ፎቅ ደረሱ፤ አባቷ ከፊት ከፊት ይወርዳል። ሁለተኛ ፎቅ ደረሱ፤ ዘወር ብሎም አላያት። ፍሪዮን ቁጣው ዛሬ ይሁን ነገ እያሰላች፣ የእያንዳንዱን ደረጃ ጠርዝ እያየች ወረደች። ቢጠይቃት ምን እንደምትመልስም አታውቅም፤ የእማማን ነገር እንደሆነ አትናገርም።

መጨረሻው ደረጃ ላይ አባቷ ቆመ።

«የግራውን ነው ያላላሽው?»

«አዎ።»

«ስንት ዙር?»

«ሁለት።»

አገጩን አከከ። ግድግዳው ላይ የተላጠውን ቀለም እያየ ቆየ።

«የእማማ መኝታ ቤት በቀኝ በኩል ነው» አለ።

ፍሪዮን ቀና ብላ አየችው። እሱ አሁንም ግድግዳውን ነው የሚያየው።

«የቀኙን ሁለት ዙር አላዪው፤ የግራውን ግን መልሰሽ አጥብቂው። ሁለቱም ከጮሁ ሕንፃው በሙሉ ይከሰናል።»

ፍሪዮን ትንሿን ካቻቢቴ ከመሣሪያ ቦርሳው አወጣችና፣ ድጋፉን ይዛ ወደ አራተኛ ፎቅ መልሳ መውጣት ጀመረች።