የላፍቶ መዝገብና የወይዘሮ ማሚቴ እንዝርት

በመጋቢት ወር ፲፱፻፹፯ ዓ.ም.፣ የበልጉ ዝናብ የጀሞን ተራራ በጉም ሸፍኖ የላፍቶን ሜዳ ጭቃ ባደረገበት ሰሞን፣ የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ቀጄላ ሁለት መዝገብ በላስቲክ ጠቅልለው ከወይዘሮ ማሚቴ ደጅ ደረሱ፤ አንደኛው በደርግ ዘመን የተጻፈ ነበር፤ ከመንግሥት ለውጥ ወዲህ ጣራ ሲያፈስበት ከርሞ ሻግቷል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያ ገጾቹ በቀር ባዶ ነው። ምርጫ ታውጇልና የነዋሪው ስም ሁሉ ከአሮጌው ወደ አዲሱ እንዲገለበጥ ታዟል።

«ወይዘሮ ማሚቴ፣ ልጅዎ ላቀው ይህን ከተረከበ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ የጻፈው አርባ ስም ነው። ሰባት መቶ ይቀራል። የቢሮው ወንበር እሳት ይመስል ቁጭ ሲል ይነሳል። ሐሙስ ማታ ካላስረከበ ከጸሐፊነቱ ይወጣል፤ እኔም አላድነውም።»

«ሐሙስ ያልቃል» አሉ ወይዘሮዋ ኮራ ብለው፤ «እዚያ ያኑሩልኝ።»

ወይዘሮ ማሚቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ልጃቸውን ግን ያውቁታል። ላቀው የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ሰነፍ አይደለም፤ የተበላሸ ራዲዮ ከፈታ ምሳም ራትም አይለውም፤ አሰልቺ ሥራ ሲሰጡት ግን ልቡ ፌንጣ ነው። ጎረቤቶች ጠበል ውሰጂው ብለዋቸው ወስደውት ነበር፤ ተራውን ትቶ የጠበሉን ቧንቧ ሲጠግን ተገኘ።

ሰኞ ዕለት ቆሎ ይዘው ቀረቡ፤ ለአሥር ስም አንድ ጭብጥ ተባለ። ሰባት ስም ጽፎ ቆሎውን ጨረሰው። ማክሰኞ ጫማውን ደበቁበት፤ በባዶ እግሩ ለቡ ሰፈር ድረስ ሄዶ የቆመ የወፍጮ ሞተር ሲፈታ ዋለ።

«አንተ ሰው፣ ምን ላድርግህ? ከምሰሶ ጋር ልሰርህ?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ መጻፉን እወዳለሁ። ዓይኔ ከስሙ ላይ ያርፋል፤ ልቤን ሳየው የለም።»

ወይዘሮዋ ሊሰድቡት አፋቸውን ሲከፍቱ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ከተሰካው እንዝርት ላይ ወደቀ። ብቻዋን ቁጭ ብላ የምትፈትል ሴት ማን አየ? ጥጡን የሚጨርሰው ወሬው አይደለም ወይ?

ረቡዕ ጠዋት ባዘቷቸውን ይዘው ከጎኑ ተቀመጡ።

«ስሙን ጮክ ብለህ ጥራ፤ የሰውየውን ነገር እኔ እነግርሃለሁ። እጅህ ከቆመ አፌም ይቆማል።»

«አቶ ሮበሌ።»

«የራሱን በግ አርዶ በልቶ ጅብ በላብኝ ያለ! ጻፍ።»

«ወይዘሮ ገዲሴ።»

«ምላሷ ከኔ ይብሳል፤ ይኸውም ክብሯ ነው። ቀጥል።»

«አቶ ከበበው።»

«ሦስት ጊዜ ሞተ ተብሎ እድር ወጣለት፤ ሦስቱንም ጊዜ የራሱን ንፍሮ ቆርጥሞ ሄደ። ምን ያስቅሃል? ጻፍ!»

ላቀው እየሳቀ ጻፈ፤ የሚቀጥለውን ነገር ለመስማት ብዕሩ ከእንዝርቱ ጋር ይሽቀዳደም ጀመር። በመሐል ቀና ብሎ «ይኸ የኛው ቤት ነው» አለ።

«እለፈው። እንግዳው ሳይጠግብ ባለቤት እጁን ወደ ገበታ አይሰድም፤ እኛ መጨረሻ።»

ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት የመጨረሻው ስም ገባ። ላቀው በደስታ ዘሎ መዝገቡን አጠፈና ጭቃውን እየረገጠ ወደ ቀበሌ በረረ፤ መዝገቡም በዚያው ማታ ታሽጎ ወደ ወረዳ ሄደ።

የምርጫ ካርድ በሚታደልበት ዕለት ወይዘሮ ማሚቴ ነጭ ነጠላቸውን ደርበው ከሰው ሁሉ ፊት ተሰለፉ። የምታድለው ኤሌኒ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አገላበጠች።

«እማማ፣ ስምዎ የለም። ቤትዎም የለም።»

«እኔ ነኝ እኮ ያስጻፍኩት!»

አቶ ቀጄላ አንገታቸውን ደፉ፤ «ታሽጓል፤ ምንም አይጨመርበትም» አሉ። ወይዘሮዋ ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ላቀው ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«መጨረሻ አሉኝ፤ መጨረሻው ሲመጣ ረሳሁት።»

«ሦስት መንግሥት አልፎብኛል፤ አንዱም ከልቡ ምን ትያለሽ አላለኝም! አሁን የሚጠይቅ ቢመጣ፣ ሰባት መቶ ሰው አስገብቼ እኔ ደጅ ልቅር?»

መንገዱን ሁሉ ሲያጉረመርሙ ሄደው ደጃቸው ሲደርሱ ቆሙ።

«ከሥራው አስወጡህ?»

«አላስወጡኝም፤ ሌላ መዝገብ ሰጥተውኛል።»

«እንግዲያው እንዝርቴን ስጠኝ። መጀመሪያ ግን የኛን ቤት ጻፍ፤ እንግዳው ይጠብቅ።»

የዚያን ዓመት ነገር የጻፉ ሰዎች ማን እንደተመረጠና ማን እንደተሸነፈ አቆዩልን። ያ መዝገብም በአንድ ግምጃ ቤት አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፤ የሚገልጠው ሰው ቢገኝ፣ ምርመራ በሚለው ዓምድ ውስጥ፣ ከአቶ ከበበው ስም ትይዩ፣ «የራሱን ንፍሮ ቆርጥሞ ሄደ» የሚል ያነባል፤ ላቀው የሰማውን ሁሉ ሳያውቀው ጽፎት ኖሯል። እንዲህ የወይዘሮ ማሚቴ ቃል ከየሰዉ ስም ጎን ሰፍሯል፤ የእሳቸው ስም ግን ከዳር እስከ ዳር ቢገለጥ አይገኝም።